አላውቅም ስለ ማለት

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም የሚባል የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ አለ። የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ነው። በዚያ እያንዳንዱ ተክል በወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ ስሙና የተገኘበት ስፍራ በግርጌው ተጽፎ ይኖራል።

ዛሬ በብዙ አገር ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥተው ለኮምፒዩተር ያሳዩታል። መሣሪያውም ብዙ ሺህ ቅጠል ከነስሙ ካየ በኋላ አዲስ ለመጣው ቅጠል ስም ያወጣለታል። ይህ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የሚማረው ሰው ከጻፈው ነው። በዚሁ አቈጣጠር በ2015 የታተመ ጥናት፣ ከሞቃት አገሮች ከተሰበሰቡት ናሙናዎች ከእኩሌታ የሚበልጡት የተሳሳተ ስም ሳይዙ እንደማይቀሩ አመልክቷል።

ይህን ሳነብ ራሴን አስታወስሁ። በጊንጪ ሳስተምር ተማሪዎቼን ቅጠል ለመሰብሰብ ወደ ጭልሞ ደን እወስድ ነበር። አንድ ልጅ የቀጨሞ ቅርንጫፍ ይዞ «ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?» ቢለኝ፣ አላውቅም ማለት አፍሬ «እንቆቆ ነው» አልሁት። እርሱም አምኖ ጻፈ። ከብዙ ዓመት በኋላ እርሱ ራሱ መምህር ሆኖ ያንኑ ስም ሲያስተምር ሰማሁት። እያፈርሁም ቢሆን እውነቱን ነገርሁት፤ ነገር ግን ከእርሱ ተምረው የሄዱትን ማን ይመልሳቸዋል?

መሣሪያውም እንደዚያ ልጅ የሰጡትን አምኖ ይቀበላል፤ ለብዙዎችም ያደርሳል። ስለዚህ ልጄ ሆይ፤ ያላወቅኸውን ስም ባዶ ተወው። ባዶውን ስፍራ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ይሞላዋል፤ በሐሰት የተሞላውን ግን ለመመርመር የሚያስብ ጥቂት ነው።