ከብርጭቆው ሥር

ለመሆኑ ሰው ከወላጁ ዕቃና ታሪክ አብሮ ቢወርስ፣ ታሪኩም ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ምን ያድርግ? ጥያቄው ከመጽሐፍ አልመጣብንም። ሳንሱሲ፣ አንድ ጓደኛችን ቤት ቡና ልንጠጣ ሄደን ነው የገጠመን።

በጓደኛችን አያት ቡፌ ውስጥ አንድ ጆግና አምስት ብርጭቆ አለ። ስድስተኛው በሠርግ ተሰብሯል። ቀይ አበባ ተሥሎባቸዋል፤ ከንፈራቸውም ወርቅ ቅብ ነው። «አጤ ምኒልክ ለአባቴ የሰጡት ነው» ይላሉ እማማ። ክረምት ሳይገባ የጣራው ቆርቆሮ መቀየር ነበረበትና ሊሸጡት አሰቡ። የምኒልክ ከተባለ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው! «እስቲ እናንተ የተማራችሁት እዩልኝ» አሉን።

አየን። በጥፍር ስንዳብሰው አበባው ከፍ ብሎ ይሰማል። ኢናሜል የሚባለው ቀለም የተፈጨ ብርጭቆና የማዕድን ኦክሳይድ ድብልቅ ስለሆነ፣ በብሩሽ ተቀብቶ እሳት ሲገባ ከብርጭቆው ጋር ይዋሐዳል። ሳይተኮስ የተቀባ ቢሆን ይላጥ ነበር። የታተመ ሥዕል ቢሆን ደግሞ በማጉያ መነጽር ነጠብጣቡ ይታይ ነበር። ወርቁ ከንፈር በሚነካው በኩል ሳስቷል። የመቀመጫውም ጭረት ወዲያና ወዲህ የተዘበራረቀ ነው፤ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍገው የሚያስረጁት ዕቃ ጭረቱ ባንድ አቅጣጫ ይሰለፋል። እንግዲህ ዕቃው በእጅ የተሣለ፣ ብዙ ያገለገለ ነው አልን።

ገልብጠን ብናየው ግን ከሥሩ በላቲን ፊደል «በቼኮስሎቫኪያ የተሠራ» የሚል ማኅተም አለ። ቼኮስሎቫኪያ የሚባል መንግሥት የተመሠረተው ጥቅምት 18 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። አጤ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም.። የሞተ ንጉሥ ስጦታ አይሰጥም።

እዚህ ላይ ተከፋፈልን። ገሚሳችን «ዝም እንበል፤ እማማ በዚህ ታሪክ ኖረዋል፤ ማንን ጎዳ?» አልን። ገሚሳችን «ገዢውንስ?» አልን። ታሪኩ ቡፌው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የቤተሰብ ፍቅር ነው፤ ዋጋ የተቆረጠለት ዕለት ግን ማጭበርበር ይሆናል። ያው አንዱ ቃል ነው፣ ለውጡ የሚከፍልበት ሰው መምጣቱ ነው። ስለዚህ ነገርናቸው።

እማማ ዝም ብለው ቆዩ። ኋላ «ታዲያ አባቴ ዋሸኝ ማለታችሁ ነው?» አሉ።

ይኸን አላሰብነውም ነበር። ስለ ዕቃው ዕድሜ የምንናገር መስሎን ለካስ የሞተ ሰው ከስሰናል! ዛሬ ስናስበው ግን ሐሰትና ውሸት አንድ አይደሉም። ሐሰት የነገሩ ነው፣ ውሸት የሰውየው። አባትየው ከሌላ ሰው እንደ ሰሙ አምነው ነግረዋቸው ይሆናል። ማኅተሙ ዕቃው ከመቼ ወዲህ እንደ ተሠራ ይመሰክራል እንጂ ስለ ሰጪው ልብ አንዳች አይናገርም። ብርጭቆ እንደሆነ ከባሕር ማዶ ወደ አገራችን መምጣት የጀመረው ትናንት አይደለም፤ በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የግሪኮች የባሕር መመሪያ «ፔሪፕሉስ» ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ይቈጥረዋል። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ የሚነግረን ሁልጊዜ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ስሕተቱን ማረም ሰውየውን ማዋረድ አይደለም። ይኸን ለእማማ ያን ዕለት ወዲያው ልንላቸው ይገባን ነበር፤ ዘግይተን ነው ያልነው። ጥፋታችን እውነቱን መናገራችን ሳይሆን እውነቱን አፍርጠን ወደ ቡናችን መመለሳችን ነው።

ገዢው የመጣ ዕለት እማማ ራሳቸው ብርጭቆውን ገልብጠው «ይኸን ጽሑፍ አንብበው» አሉት። ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። ሸጡት፤ ቆርቆሮውም የተቀየረው ከማድ ቤቱ በላይ ብቻ ነው። አንዷን ብርጭቆ ግን አስቀሩ።

«ይቺ የምኒልክ አይደለችም» ይላሉ አሁን እንግዳ ሲጠይቃቸው፤ «የአባቴ ናት።»