ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ፤ ያገሩን በርበሬስ?

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላል ተረቱ። ሰርዶ የወረረውን ማሳ ያረሰ ገበሬ የዚህን አባባል ክብደት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሰርዶ ሥሩን ከመሬት በታች እየሳበ ይስፋፋል፤ ማረሻ ቢቆርጠው አይሞትም፣ ከየቁራጩ መልሶ ያቆጠቁጣል። እንዲህ ያለውን መሬት ለማረስ የአፈሩን ጥንካሬ፣ የዳገቱን ጠባይና የአራሹን ድምፅ የለመደ በሬ ይፈለጋል። ከዚህ ተነሥቶ ተረቱ የአንድ አካባቢ ችግር የሚፈታው በአካባቢው ሰው ነው፣ የቦታውን ነገር የቦታው ሰው ያውቅበታል ይለናል። የወሰን ጠብ ሲነሳ፣ የነፍስ ካሳ (ጉማ) ሲቆረጥ፣ ከሩቅ ከመጣ ዳኛ ይልቅ የመንደሩ ሽማግሌ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ በኩል ተረቱ እውነት ነው፤ የሚከራከረውም የለም።

ነገር ግን ይኸው አስተሳሰብ ከማሳና ከሽምግልና አልፎ ገበታ ላይም ተቀምጧል። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶ ወይም በሚኤሶ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ቀይ ወጥ ቢያዝዝ፣ ብዙ ጊዜ ከወጡ በፊት የሚደርሰው ማስጠንቀቂያ ነው። «ያቃጥላል!» ይባላል። ሳይጠየቅ አሊጫ ይቀርብለታል፤ ቆጭቆጫው ከፊቱ ይነሳል፤ በማሽላ እንጀራው ፈንታ ዳቦ ይመጣለታል። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሐረርጌ ለእንግዳ ወግ አያበዛም፤ ሁሉን በ«አንተ» ያቀርባል። «አቦ፣ ብላ እንጂ!» ተብሎ ሚጥሚጣ የበዛበት ጉርሻ ይዘረጋለታል፤ ዓይኑ እንባ ሲያቀር ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አሊጫውን ያቀረበውም፣ ጉርሻውን ያጎረሰውም ያመኑት አንድ ነገር ነው፤ በርበሬ የሐበሻ ነው፣ የሰው አገር ሰው አይችለውም። ያገሩን በርበሬ ባገሩ ሰው።

ይህን እምነት ለመፈተን ምዕራብ ሐረርጌ ጥሩ ቦታ ነው፤ የእንግዳ እግር ያልተለየው አገር ነውና። ጭሮ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጨርጨር ተራሮች መካከል ተቀምጣለች። አሰበ ተፈሪ ብለው የቆረቆሯት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ራሳቸው በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው፣ እዚያው አድገውና ተምረው የተመለሱ፣ የባዕድ ገበታ የቀመሱ ሰው ነበሩ። ከተራራው በታች ባለው ቆላ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ባቡር ሲያልፍ ኖሯል።

መጀመሪያ በርበሬውን ራሱን እንጠይቀው። አገሩ የት ነው? በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 የካሪቢያን ደሴቶችን ከመርገጡ በፊት በኢትዮጵያም፣ በሕንድም፣ በቻይናም፣ በኮሪያም በርበሬ የቀመሰ ሰው አልነበረም። የአክሱም ነገሥታትም ሆኑ የላሊበላ ዐለት ፈልፋዮች የዛሬውን ቀይ ወጥ አያውቁትም። በርበሬ በባሕር ነጋዴ እጅ ወደኛ ደርሶ፣ ከኮረሪማ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተደልዞ የቤት ልጅ ሆነ። ኮሪያውያንም ዘንድ ታሪኩ ይመሳሰላል። ሊ ሱግዋንግ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1614 «ጂቦንግ ዩሶል» በተሰኘው መጽሐፉ በርበሬን ሲጠቅስ ከጃፓን የመጣ፣ ብርቱ መርዝ ያለበት ነገር አድርጎ ነው። ዛሬ ያለዚያ «መርዝ» ኪምቺ የተባለውን ምግባቸውን ማሰብ ያዳግታል። እንግዲህ የ«አገሩ» በርበሬ ራሱ ለኛም ለእነሱም እንግዳ ሆኖ የገባ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሚኤሶ ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ሲሠራ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ ወደ ድሬዳዋና ደወሌ ያለውን ሌላ የቻይና ኩባንያ ወሰደው፤ መስመሩም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የሁለቱ ሥራ መገናኛ ይህችው የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ነበረች። «የውጭ ሰው በርበሬ አይችልም» ለሚል ሰው ቻይና ትልቅ መልስ ናት። በሲቹዋንና በሁናን ያደገ ሰው ለቁርስ ኑድሉም ሳይቀር በርበሬ የለመደ ነው፤ የኛ ሚጥሚጣ አያስደነግጠውም። በጓንግዶንግ ያደገው የዚያው አገር ልጅ ግን ለስላሳና የማያቃጥል ምግብ የሚወድ ነው። አንድ ዓይነት ፓስፖርት የያዙ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ገበታ ቢቀርቡ አንዱ ቆጭቆጫ ይጨመርልኝ ሊል፣ ሌላው ሊያለቅስ ይችላል። መልክ አይቶ የፈረደ አስተናጋጅ በአንደኛው ላይ መሳሳቱ አይቀርም።

ሦስተኛው ፈተና ከኩባ ይመጣል። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሐረርጌን ሲወጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ኩባውያን ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን ተሰልፈው በዚያው ክፍለ ሀገር ደማቸውን አፍስሰዋል። ኮሎምበስ በርበሬን ያገኘው በእነሱው ደሴቶች አካባቢ ነው፤ የኩባ ወጥ ቤት ግን ከሩዝ፣ ከጥቁር ባቄላና ከነጭ ሽንኩርት ጋር የኖረ፣ የሚያቃጥል ነገር የማያበዛ ነው። ተረቱን ለበርበሬ ብንጠቀምበት ኖሮ የበርበሬ «ያገሩ በሬ» ኩባዊው በሆነ ነበር። እውነቱ ግን በርበሬን የሚወደው ካሪቢያንን በዓይኑ ያላየው የጨርጨር ገበሬ ነው።

አራተኛው ፈተና እኛው ሌላ አገር ስንሄድ የሚገጥመን ነው። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥቶ፣ በአሰቦትና በሚኤሶ አልፎ ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያ በመርከብ ወደ ኮሪያ ዘመተ። በተከታታይ የዘመቱት ኢትዮጵያውያን አንድም ሳይማረክባቸው ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን ሰውተው ተመለሱ። ያ ውለታ ዛሬም በቹንቾን ከተማ በመታሰቢያ ሐውልትና «የኢትዮጵያ ቤት» በተባለው ቡና ቤት ይዘከራል። ከዚያ ወዲህ ለትምህርትና ለሥራ ኮሪያ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ በየምግብ ቤቱ የሚጠብቀው ጥያቄ ግን «ያቃጥላል፤ ይችሉታል ወይ?» የሚል ነው። በሚጥሚጣ ያደገ ሰው፣ ጎቹጃንግ የተባለውን የበርበሬ ድልህና ተክቦኪ የተባለውን ቀይ የሩዝ ምግብ እንዳይነካ ሲጠነቀቁለት ያያል። ጭሮ ላይ እኛ ለፈረንጁ የምናደርገውን ሴኡል ላይ ኮሪያዊው ለኛ ያደርጋል። ሁለታችንም በደግነት ነው፤ ሁለታችንም እንሳሳታለን። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ በዚያ ገበታ ላይ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው። ከሐረርጌ የሄደውን ሙስሊም የሚያሳስበው በወጡ ውስጥ የአሳማ ሥጋ መኖር አለመኖሩ ነው፤ ጿሚውን ክርስቲያን የሚያሳስበው ሥጋና ወተት ነው። ስለ በርበሬ የተያዘው ግምት ትክክለኛውን ጥያቄ ይሸፍነዋል።

ሰውነታችንስ ምን ይላል? በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 እንደገለጡት፣ ካፕሳይሲን የሚነካው እሳትና የፈላ ውኃን የሚያውቀውን የነርቭ ተቀባይ ነው፤ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ የሆነው በዚህ ግኝት ነው። ይህ ተቀባይ በሁሉም ሰው አፍ ውስጥ አለ። በተደጋጋሚ ሲነካ ስሜቱ እየደነዘዘ ይሄዳል፤ መልመድ የምንለው ይኸው ነው። የኛም ልጆች በርበሬ ችለው አይወለዱም። እናት ለሕፃኗ አሊጫውን ታስቀድማለች፤ ቀዩን እያጠቀሰች ቀስ በቀስ ታስለምዳለች። ጨጓራው የታመመ ጎልማሳም ተወልዶ ባደገበት ከተማ ቀዩን ትቶ አሊጫ ይበላል፤ ማንም ኢትዮጵያዊነቱን አይጠራጠርም።

ታዲያ ተረቱ ወደቀ? አልወደቀም፤ የተሳሳትነው እኛ ነን፣ «ያገሩ» የሚለውን የትውልድ ጉዳይ አድርገን ወስደነዋል። መልሱን የሚሰጠን የሐረርጌ በሬ ራሱ ነው። የደጋው ገበሬ ብዙ ጊዜ ወይፈኑን የሚገዛው ከቆላው አርብቶ አደር ነው። ቀንበር ያስለምደዋል፣ ጥቂት ዓመታት ያርስበታል፤ ከዚያም የማሽላ ቅጠልና ቃርሚያ በእጁ እያጎረሰ ያደልበዋል። በአዲስ አበባ ገበያ «የሐረር ሰንጋ» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ይኸው በሬ ነው። የተወለደው ሌላ ቦታ ነው፤ ያገሩ በሬ ያደረገው የጨርጨርን ዳገት ማረሱ ነው። ሰርዶን የሚያሸንፈው ልምድ ነው፤ ልምድ ደግሞ ለሚሠራበት ሁሉ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ከተላኩት የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች መካከል ሹሮና ቀይ ወጥ ለምደው፣ አገራቸው ከተመለሱ ከስንት ዓመት በኋላም በርበሬ የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው።

ለእንግዳ መጨነቅ ክፉ ነገር አይደለም፤ የሐረርጌ ሰው ያለውን ሁሉ ለእንግዳ የሚያቀርበው ከልቡ ነው። ጭንቀቱ ጥያቄን ሲተካ ግን ክብር ይጎድላል። ሳይጠይቁ አሊጫ ማቅረብ እንግዳውን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። አቃጥሎት ሲያነባ መሳቅ ደግሞ ከእንግዳ ተቀባይነት የወጣ ነውር ነው። የሚያሳዝነው፣ የምዕራብ ሐረርጌ ገበታ መጠየቅን ከማንም የበለጠ የሚያውቅ መሆኑ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው በሚኖሩባቸው በእነዚህ ከተሞች ሠርግ ሲደገስ ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፤ ሥጋ ከመቅረቡ በፊት የማን እንደሆነ ይነገራል። ይህ ጥንቃቄ ማንንም አላራቀም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ያኖረ ጨዋነት ነው።

ለባለ ምግብ ቤቶችና ለአስተናጋጆች የምለው ይህን ነው። ስለ ሥጋው እንደምትጠይቁ ስለ በርበሬውም ጠይቁ። ቆጭቆጫውንና ሚጥሚጣውን ከፊቱ አታንሱ፤ ለብቻው አስቀምጡለት፣ በልኩ ይጨምር። ቢያቃጥለው በውኃ አታጣድፉት፤ ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፤ ወተት ወይም እርጎ ይሻለዋል፣ ያም በአካባቢው ሞልቷል። እንግዳም ብትሆኑ በሰው አገር ስትጠየቁ አትቆጡ፤ የምትችሉትን በግልጽ ተናገሩ። ያገሩን በርበሬ የለመደው ይብላው፤ መልመዱን ደግሞ ራሱ ይንገረን።