ሐኪሙና ተራራው

በቻይና፣ ኩንሻን በምትባል ከተማ፣ ዋንግ ሉ የሚባል ሐኪም ነበር። ሙያው መድኃኒት ቢሆንም ልቡ ሥዕል ላይ ነበር። ወደ 30 ዓመት ገደማ የቀደሙ ሊቃውንትን ሥራ ፊቱ ዘርግቶ ሲገለብጥ ኖረ። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የማ ዩዋንንና የሺያ ጉዪን እጅ ነው። እነሱ ገደል ሲስሉ ብሩሹን አጋድመው በጎኑ ሸርተት ያደርጉታል፤ ቀለሙ መነሻው ላይ ጠቆር፣ መድረሻው ላይ ሳሳ ብሎ ይቀራል። የሚያየው ሰው ድንጋዩን መጥረቢያ የፈለጠው ይመስለዋል። ዋንግ ይህን አሣሣል ሳይሰለች ተለማመደው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1381፣ ዕድሜው ወደ 50 ሲጠጋ፣ በመኸር መባቻ ሁዋ የሚባለውን ተራራ ወጣ። ከ2,100 ሜትር በላይ የሚዘልቅ፣ ራቁቱን የቆመ የግራናይት ቋጥኝ ነው። ወረቀትና ብሩሹን ይዞ፣ ዓይኑን የሳበው ቦታ ሁሉ እየቆመ ነደፈ።

ቤቱ ገብቶ ሥዕሎቹን ሠራ፤ ግን ደስ አላሉትም። ተራራው ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ። የቀደሙትን አሣሣል በዚህ ድንጋይ ላይ መጫን የአንዱን ሕመምተኛ መድኃኒት ለሌላው እንደ መስጠት ነው፤ ለሐኪም ከዚህ የባሰ ምን ጥፋት አለ? ያ 30 ዓመት ባከነ የሚል ካለ ግን አልስማማም። ያልተገራ እጅ ዓይን ያየውን አይታዘዝም። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር፤ ድንጋዩ ገና ልቡ አልገባም።

ከዚያ ወዲያ ተራራው አልለቀው አለ። መንገድ ላይ አብሮት ይሄዳል፤ ማዕድ ላይ አብሮት ይቀመጣል፤ ትራሱ ላይ አብሮት ያድራል። አንድ ቀን ጋደም ብሎ ሳለ ከበሮ የሚመቱና መለከት የሚነፉ ሰዎች በደጁ አለፉ። ድምፁን ሲሰማ ደንግጦ ብድግ አለ፤ አገኘሁት ብሎ ጮኸ። የቀደመውን ሥራ ወዲያ ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

40 ሥዕል ሆነ። ዛሬ ከፊሉ ቤጂንግ፣ ከፊሉ ሻንጋይ ሙዚየም ይገኛል። የማ ዩዋን የመጥረቢያ ፍልጥ እዚህም እዚያም አለ፤ ዋንግ አልካደውም፣ ግን ድንጋዩ እሺ ባለበት ቦታ ብቻ አሳረፈው።