«ባላውቅ ይሻለኛል»

 

የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ሰው ስለ ገዛ አካሉ ላለማወቅ መብት አለው ወይ? «ባላውቅ ይሻለኛል፤ አላህ የጻፈው አይቀርም» ስንል፣ ይህ ተወኩል ነው ወይስ ፍርሃት?

ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከሳይንት ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ የተነሳ ወጣት ሁሉ «ሜዲካል» የሚባለውን ያውቀዋል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሥራ ቪዛ ከመስጠታቸው በፊት ደም ያስመረምራሉ። ከሚፈልጓቸው በሽታዎች አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው አያልፍም። ያኔ ሰፈር ውስጥ የሚወራው አንድ ነገር ነው፦ «ሜዲካል ወደቀች።» ለወጣው ብር ይታዘናል፣ ደላላው ይወቀሳል፣ ልጅቷ ቤቷ ትመለሳለች፤ ወሬውም እዚያ ያልቃል። ስለ ጉበቷ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ የለም። ወረቀቱ ግን ከጉዞዋ ይልቅ ስለ ሕይወቷ ነበር የተናገረው።

ነገሩን በደንብ እንረዳው። ሄፓታይተስ ቢ ጉበት ውስጥ የሚኖር ቫይረስ ነው። ብዙ ሰው ለዓመታት ምንም ሳያመው ይሸከመዋል፤ ይሠራል፣ ይጾማል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ቫይረሱ ሥር ከሰደደባቸው አዋቂዎች መካከል ግን ከመቶው ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት፣ ጉበታቸው ጠባሳ እየሆነ ይደርቃል ወይም ካንሰር ይይዘዋል። የጉበት ካንሰር በዓለም ላይ በካንሰር ከሚሞቱ ሰዎች ብዛት በሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ነው። ክፋቱ ዝምታው ነው። ሆድ ሲነፋ፣ ዐይን ቢጫ ሲሆን፣ ሰውነት ሲከሳ፣ ብዙውን ጊዜ ጊዜው አልፏል። በሽተኛው በአቀስታ በኩል ደሴ ቢደርስም፣ ከዚያም አዲስ አበባ ቢላክ፣ ሐኪሙ ሊያደርግለት የሚችለው ጥቂት ነው።

አገራችን ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ቫይረሱ ከመቶ ሰው በሰባቱ ገደማ ላይ ተገኝቷል። ዛሬ በአንድ መስጂድ 300 ሰው ለሶላት ቢሰለፍ፣ በዚህ ስሌት 20 ያህሉ ይዘውት ቆመዋል ማለት ነው። አብዛኞቹ አያውቁም።

እኛ ዐይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» እንላለን፤ የሌሊት ወፍ አመጣችው የሚልም አለ። ስሙ ዐይናችንን ወደ ሰማይ ልኮብናል፤ በሽታው ግን ደም ውስጥ ነው። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ባልተቀቀለ መርፌ፣ በጋራ ምላጭ፣ በንቅሳት፣ እንጥል በማስቆረጥ ይተላለፋል። ዋግምት ወይም ሒጃማ የምታደርጉ ደግሞ አስተውሉ፤ ምላጩ ለአንድ ሰው ብቻ የወጣ አዲስ ካልሆነ፣ ለሺፋ ብላችሁ ሄዳችሁ በሽታ ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ከአንድ ትሪ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ ግን አይተላለፍም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «ባላውቅ ይሻለኛል» የሚለው ሰው ሰነፍ ነው ብለን አንለፈው። ምክንያት አለው። ኒካሁ ይፈርሳል ብሎ ይሰጋል። መድኃኒቱን በምን እገዛለሁ ይላል። ሰው ጣት ይቀስርብኛል ይላል። እነዚህ እውነተኛ ፍርሃቶች ናቸው። ነገር ግን ፍርሃቱን ቀደር ብለን ስንጠራው፣ የአላህን ስም ለራሳችን ድክመት መሸፈኛ አደረግነው።

ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን መንገድ ላይ ሰሙ። ሰዎችን አማከሩና ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ጠየቋቸው። ዑመርም መመለሱ ራሱ በአላህ ቀደር ውስጥ እንደሆነ በእረኛ ምሳሌ አስረዷቸው፦ ግመሎቹን ይዞ አንዱ ጎኑ ለምለም፣ ሌላው ጎኑ ደረቅ ከሆነ ሸለቆ የወረደ ሰው፣ በየትኛውም ቢያሰማራ በአላህ ቀደር ነው። ለኛ ለደጋ ልጆች ይህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ልብ በሉ፤ ዑመር መምረጥ የቻሉት ወሬውን ስለሰሙ ነው። የማያውቅ እረኛ የሚመርጠው ሸለቆ የለውም።

ደግሞም ለምለሙ ጎን አለ። ሄፓታይተስ ቢ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ባይድንም፣ ሐኪም መድኃኒት ያስፈልገዋል ላለው ሰው በቀን አንድ ክኒን ቫይረሱን ይገታዋል፤ የካንሰሩንም ዕድል ይቀንሳል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2007 ዓ.ም. ቴኖፎቪር በሚባለው መድኃኒት የሕክምና ፕሮግራም ጀምሯል። መድኃኒት የማያስፈልገውም ሰው ክትትል ያስፈልገዋል። ስጋቱ ከፍ ያለበት ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ቢታይ፣ ካንሰር ቢመጣ እንኳ ገና ትንሽ ሳለ ይያዛል።

ክትባትም አለ፤ ካንሰርን ከሚከላከሉ ክትባቶች የመጀመሪያው እሱ ነው። በኢትዮጵያ ለሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለድን ልጅ ሳለን አላገኘነውም።

ይህ ኒካሕንም ይመለከታል። ቫይረሱ ያለበት ሰው ማግባትም መውለድም ይችላል። የትዳር ጓደኛው ተመርምሮ ነፃ ከሆነ ሦስት ጊዜ ይከተባል። እናትየው ቫይረሱ ካለባት፣ በእርግዝናዋ ሐኪም ይከታተላታል፤ ሕፃኑም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢከተብ ይጠበቃል። ሕፃን ሳለ የተያዘ ልጅ፣ ከአስር ዘጠኝ ገደማው ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋልና እነዚያ ሰዓታት ትልቅ ናቸው። ታዲያ ያወቀ ሰው ዝም ብሎ ቢያገባ፣ ዝምታው የሚስቱንም የልጁንም የመዳኛ መንገድ ይዘጋል። ጉበታችን አማና ከሆነ፣ ስለ ጉበታችን ያገኘነው ዕውቀትም አማና ነው። አማና ደግሞ ለባለቤቱ ይደርሳል እንጂ አይቀበርም።

ግን ፍርዱ በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ። የነገረንን ሰው ኒካሑን ካፈረስንበት፣ ሲኒውን ከለየንበት፣ ስሙን በየቡናው ካዞርነው፣ ቀጣዩን ሰው ዝም ያሰኘነው እኛ ነን። ከሱ እውነትን የምንጠይቅ ከሆነ፣ እኛ ደግሞ ሲትር፣ ምስጢር መጠበቅ፣ አለብን። ወሎ ለተጨነቀ ሰው የሚለው ቃል አለው፦ አብሽር። ያንን ቃል ለዚህም ሰው እናውጣው።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እናድርግ። አንድ፦ በአቅራቢያችን ባለ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ስለ ሄፓታይተስ ቢ ምርመራ እንጠይቅ፤ ነፃ ከሆንን ስለ ክትባቱ እንጠይቅ። ሁለት፦ «ሜዲካል የወደቀ» ዘመድ ካለን፣ ስለ ብሩ ሳይሆን ስለ ጤናው እንጠይቀው፤ ሐኪም ዘንድም አብረነው እንሂድ። ሦስት፦ ቤታችን ያለውን በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ እንይ። ሻጋታ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ያወጣል፤ መቁላት ወይም መቀቀልም ጨርሶ አያጠፋውም። እህሉ በደንብ ደርቆ ይከተት፤ የሻገተው ይጣል።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለሚፈሩት ድፍረቱን፣ ለሁላችንም የወንድማችንን ምስጢር የምንጠብቅበት ልብ ይስጠን። አሚን።