ስለት ያለው ሁሉ አይላጭም

«እኔ ማሽሞንሞን አላውቅም፤ እውነቱን አፍርጬ ነው የምናገረው» የሚል ሰው በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩ፣ በየቤተ ዘመዱ አይጠፋም። ሰው ካስከፋ በኋላም «ምን አጠፋሁ? ሐቁን ነው የተናገርኩት» ይላል። እውነትም ሐቁን ነው የተናገረው። አድማጩ ግን ሐቁን ረስቶ ቁስሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? እውነትን መሸከም ያቃተው አድማጭ ነው ወይስ ተናጋሪው? ይኼን ጥያቄ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የምላጭ አሳሳል ነው።

ምላጭ ስል ዛሬ ከሱቅ ገዝተን፣ ተጠቅመን የምንጥለውን ስስ ምላጭ ማለቴ አይደለም። እንደ ሰንጢ እጀታው ውስጥ የሚታጠፈውን፣ የድሮ ፀጉር አስተካካዮች የቆዳ ጠፍር ላይ ወዲያ ወዲህ የሚያመላልሱትን ማለቴ ነው። ጠፍሩ የየዕለት ማሰናጃ ነው። ምላጩ የምር ሲደነዝዝ የሚፈልገው ድንጋይ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ መሳያ ድንጋዮች ሲያወራ፣ በዘይት የሚሠሩ አሉ፣ በውሃ የሚሠሩ አሉ፣ ፀጉር ቆራጮች ደግሞ በምራቅ የሚሠሩባቸው አሉ ብሎ ከፋፍሏቸዋል። በኋለኛው ዘመን በምላጭ ሳዮች ዘንድ ስማቸው ከገነነ ድንጋዮች አንዱ ቤልጅግ ውስጥ፣ በአርደን ኮረብታዎች፣ ቪየልሳልም በተባለች ከተማ አካባቢ የሚወጣው ነው። ኮቲኩል ይሉታል። መልኩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው አለት መካከል በስሱ ተነጥፎ ይገኛል፤ ከመሳሳቱ የተነሣም እንዳይሰበር ብዙውን ጊዜ ከበታቹ ሌላ ጠቆር ያለ ድንጋይ ይለጠፍለታል። ሆዱ ውስጥ ዐይን የማያያቸው የጋርኔት ቅንጣቶች ታጭቀዋል። ጋርኔት ተለቅ ሲል ለቀለበት ፈርጥ የሚሆን ማዕድን ነው፤ እዚህ ግን መጠኑ በሚሊሜትር ሺሕኛ የሚለካ ነው። ቅርጹም ወደ ክብነት ስለሚያደላ ብረቱን ሳይቦጭቅ ይፍቀዋል።

አሁን አሳሳሉን ልብ በሉልኝ። ምላጩ ድንጋዩ ላይ በጎኑ ይተኛል፤ ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩን ይነካሉ። አስቀድሞ ድንጋዩ ላይ ጥቂት ውሃ ይንጠባጠብና ከዚያው ዓይነት ድንጋይ በተቆረጠ ትንሽ ቁራጭ ይታሻል። ወተት የመሰለ ጭቃ ያወጣል። ከድንጋዩ የተላቀቁት ቅንጣቶች በጭቃው ውስጥ እየተንከባለሉ ብረቱን ቶሎ ቶሎ ይበሉታል። ደንዝዞ የነበረው ምላጭ ብዙም ሳይቆይ ስለት ያወጣል። ክንድ ላይ ያለውን ፀጉር ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል።

እዚህ ላይ «በቃ፣ ተሳለ» ብሎ የሚነሣ ብዙ ነው። ያንን ምላጭ ግን ጉንጩ ላይ ያሳረፈው ሰው ያውቀዋል። ፂሙ ይቆረጣል፤ ቆዳው ግን ይለበለባል፣ ደምም ነጠብ ነጠብ ይላል። ለምን ቢባል፣ በወፍራም ጭቃ ውስጥ የሚሄድ ስለት ቅንጣቶቹን ፊት ለፊት እየገጨ ነው የሚሄደው። በአንድ በኩል እየተሳለ በሌላ በኩል ይጎዳል። ከተወሰነ ደረጃ በላይ ሊጠራ አይችልም።

ታዲያ ሳዩ ምን ያደርጋል? ድንጋዩን አይለውጥም። ጠብታ ውሃ ይጨምራል። ጥቂት ይስላል፤ ደግሞ ይጨምራል። ጭቃው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄድና በመጨረሻ ታጥቦ የጠራ ውሃ ብቻ ይቀራል። እጁንም ያቀላል፤ ከምላጩ ክብደት በላይ አይጫንም። አሁን ቅንጣቶቹ ድንጋዩ ውስጥ እንደተቀበሩ፣ ጫፋቸው ብቻ ብረቱን ይዳብሰዋል። የሚፋቀው ብረት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለሚያይ ሰው ሥራ ፈትቶ ምላጭ የሚያመላልስ ይመስላል። የስለቱ ጫፍ ከሚሊሜትር ሺሕኛ በታች ቀጥኖ፣ ፊት ላይ ሲያርፍ መኖሩ የማይታወቅ የሚሆነው ግን በዚህ ሰዓት ነው።

ድንጋዩ ያው ነው። የተለወጠው ጭቃው ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ወጣት የአጭር ልቦለድ ረቂቆቹን በደብተር ይዞ መጣና አስተያየት ስጠኝ አለኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። የታሪኩን መላላት፣ የቃላቱን ድግግሞሽ፣ የገጸ ባሕርያቱን ሕይወት አልባነት አንድ በአንድ አሳየሁት። ከተናገርኩት ውስጥ ዛሬም ስሕተት ነበር የምለው የለም። አመስግኖኝ፣ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ። ቆይቶ መንገድ ላይ ተገናኘንና «ትጽፋለህ?» አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ ያኔ እኮ ነው የተውኩት» አለኝ እየሳቀ። ሳቁ ነው የለበለበኝ።

ያን ቀን እውነቱ መካከል ምን ተደባልቆ እንደነበር አሁን ይታየኛል። ማወቄን ላሳየው ፈልጌ ነበር። ጠዋት ከሌላ ሰው ጋር ተጨቃጭቄ የመጣሁበት ንዴትም ነበረበት። «እኛም እንዲህ እየተዋረድን ነው የተማርነው» የሚል የቆየ ቂምም አይጠፋውም። ይኼ ሁሉ ስለ ልጁ ጽሑፍ የሚናገረው ነገር አልነበረም። ከእኔ የተላቀቀ ጭቃ ነበር።

«ታዲያ እውነትን ውሃ እየጨመርን እናቅጥናት ነው የምትለን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሉኝታ በበዛበት ኑሯችን እውነትን ማድበስበስ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። የደነዘዘ ምላጭ ሲዳስሱት ለስላሳ ነው፤ ፊት ላይ ሲያርፍ ግን ፂሙን እየጎተተ ከሁሉም የባሰ ያሠቃያል። ተማሪውን «ጎበዝ፣ ጎበዝ» እያለ ከርሞ ለፈተናው ቀን የሚያዋርደው መምህርም እንዲሁ ነው። ውሃው ግን ድንጋዩን አላለሰለሰውም። ጋርኔቱ ጥንካሬው አልጎደለም። ውሃው ያጠበው በድንጋዩና በስለቱ መካከል የገባውን ነው። እውነትን ማቅጠን ሌላ፣ ከእውነት ላይ የራስን ጭቃ ማጠብ ሌላ።

በእርግጥ ጭቃውም በጊዜው ያስፈልጋል። ስለቱ የዶለዶመ ምላጭ በጠራ ውሃ ብቻ ሲፈተግ ቢውል ለውጥ አያመጣም። ቁጣ የሚያስፈልገው ጥፋት አለ፤ ጉቦኛን በልስልስ ቃል የመለሰው ማን ነው? ክፋቱ እዚያው መቅረቱ ላይ ነው። ሁልጊዜ በወፍራም ጭቃ፣ ሁልጊዜ በጉልበት የሚፋቅ ምላጭ ብረቱ ያልቃል እንጂ አይጠራም። በየቀኑ በቁጣ ብቻ የሚታረም ልጅም እንዲሁ ነው።

ይኼን ስል የድሮውን ዘመን ናፍቄ አይደለም። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ ተጥሎ በአዲስ የሚለወጥ ምላጭ ድንጋዩንም ሳዩንም ከብዙ ቤት አስወጥቷል። ደግ አደረገ። በአንድ ምላጭ ሰፈሩን ሁሉ መላጨት ምን እንደሚያስከትል በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ተምረነዋል። ሰውን ግን እንደ ምላጭ ጥሎ በአዲስ መለወጥ አይቻልም። ካስኮረፍነው ባልደረባ፣ ካሸማቀቅነው ልጅ ጋር ነው የምንኖረው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ቆዳው የታመመ ሰው በደንብ በተሳለ ምላጭም ይለበለባል፤ ያ የሳዩ ዕዳ አይደለም። ነገር ግን «የተናገርኩት እውነት ነው» ብሎ እጅን መታጠብ፣ ምላጩን ክንድ ላይ ሞክሮ «ተሳለ» እንደማለት ነው። የመጨረሻው ፈተና የሌላው ሰው ጉንጭ ነው።

በቋንቋችን «ስለት» ሁለት ነገር ነው፤ የብረት ጫፍም ነው፣ ለፈጣሪ የሚገቡት ቃልም ነው። አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ያስራል። እኔ ሁለቱን ለያይቼ ማየት ትቻለሁ። ስለት ያለው ሰው፣ ስለት አለበት።