ሕመምን መቻል ጽድቅ ነው?

መንቆረር ስሟን ቀይራ ደብረ ማርቆስ የተባለችው በወንጌላዊው ማርቆስ ስም በታነጸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ይኸው ወንጌላዊ የስቅለቱን ነገር ሲተርክ፣ ለጌታ ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን እንደ ቀረበለትና እንዳልተቀበለ ጽፏል። መጠጡ ስሜትን ለማደንዘዝ ለሚሰቀሉ ሰዎች ይሰጥ የነበረ ነው ብለው የሚያብራሩ ብዙ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ «ጌታ እንኳ ማደንዘዣ አልጠጣም፤ ቻል አድርገው» የሚል ጠያቂ ከታማሚ አልጋ አጠገብ አይጠፋም።

ጠያቂው የዘነጋው ነገር አለ። ወይኑን የመለሰው መከራውን የሚቀበለው ራሱ ነው፤ ስለ እሱ ሆኖ የመለሰለት ሰው የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችውን ሴት የሚያነሣውም ይኸው ወንጌል ነው፤ ገንዘቧን ሁሉ በባለ መድኃኒቶች ጨርሳ ስትመጣ፣ ለምን ሐኪም ቤት ሄድሽ ብሎ የወቀሳት አልነበረም። መጽሐፈ ምሳሌ ሊጠፋ ለተቃረበ ሰው ብርቱ መጠጥ ይሰጠው ይላል፤ ሲራክም መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ጾሙን፣ ስግደቱን፣ ሌሊት መቆሙን ባሕታዊው መርጦት ይገባበታል። ገበሬው የሚያሰቃየውን እግሩን አልመረጠውም። ሁለቱን በአንድ «ትዕግሥት» መጠቅለል ለሁለቱም አይበጅም።

እግር የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ሥር የሰደደ ሕመም ሲባል መጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበት እሱ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ፣ ደቃቅ ማዕድኑ በቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳል፤ እግሩ ያብጣል፣ ይቆረፍዳል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፣ ሕዝቡ ዝሆኔ። ሰውየውን አልጋ ላይ የሚጥለው ግን እብጠቱ ራሱ ሳይሆን በየጊዜው የሚነሣበት ሕመም ነው። እግሩ በድንገት እንደ እሳት ይግላል፣ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ይወጣል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል። የእርሻ ወቅት ከሆነ በሬዎቹ ሥራ ይፈታሉ። በዚሁ ዞን በ696 ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ገና ሕክምና ያልጀመሩት በዓመት ወደ 24 ጊዜ ገደማ ይነሣባቸዋል። ሕክምናውን የጀመሩት ላይ ቁጥሩ ወደ 19 ወርዷል። ሕክምናው እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ነው። በሽታውን የእግዜር ቁጣ ነው ሲሉ የኖሩ ሰዎች ይህን ያህል እንኳ አላሳረፉም።

ለዚህ ሰው ብርቱው ማስታገሻ ሞርፊን መልስ አይሆነውም። ይህ ደግሞ የጎጃም ነገር ብቻ አይደለም። በዚያው በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሌላ ጥናት የወገብ፣ የዳሌና የጉልበት ሕመም የጸናባቸውን 240 የቀድሞ ወታደሮች ለሁለት ከፍሎ ዓመት ሙሉ ተከታትሏል። ሞርፊንና ዘመዶቹን የወሰዱት፣ ተራ ማስታገሻ ከወሰዱት የተሻለ ሥራ መሥራትም ሆነ መንቀሳቀስ አልቻሉም። ዓመታት ለሚዘልቅ ሕመም ትርፉ ትንሽ፣ የሱሱ አደጋ ግን እውነተኛ ነው።

በነቀርሳ የምትሰቃይ እናት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ የሞርፊን ሽሮፕ ሲያዝላት፣ ልጇ ከሕመሙ ይልቅ ጠርሙሱን ትፈራለች፤ «ሲስተር፣ እናቴን ሱስ አያሲዝብኝም?» ትላለች። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም፣ መልስም አለው። መድኃኒቱን ለሳምንታት የወሰደ ሰውነት ይለምደዋል፤ በድንገት ከተቋረጠ ላብ፣ መቁነጥነጥና ተቅማጥ ይከተላል፣ ስለዚህ ሲተው ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ሱስ ሌላ ነው። ጉዳቱን እያየ፣ ቤቱን እየፈታ፣ ሰው ያንኑ ነገር ሲያሳድድ ሱስ ይባላል። ሕመሙ ጋብ ብሎላት እንቅልፍ የወሰዳት እናት ምን ታሳድዳለች?

ፍርሃቱ ከየት መጣ ቢባል ብዙው የተዋስነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት ደብዳቤ አተመ፤ ሆስፒታል ተኝተው እንዲህ ያለ መድኃኒት ከወሰዱ ወደ 12,000 የሚጠጉ ሕሙማን መካከል ሱስ የያዛቸው አራት ብቻ ናቸው የምትል ነበረች። በ1996 ከዚሁ ወገን የሆነው ኦክሲኮንቲን ገበያ ሲወጣ፣ ያቺ ስለ ተኝቶ ታካሚ የተጻፈች ደብዳቤ ለዓመታት እቤቱ ሆኖ ለሚውጥ ሰው ዋስትና ተደረገች። የአምራቹ የፐርዱ ፋርማ እህት ኩባንያ የሱሱን አደጋ አሳንሶ በማቅረቡ በ2007 ፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ፤ በ2021 ብቻ ከ80,000 የሚበልጡ አሜሪካውያን ከኦፒዮይድ (ከሞርፊን ወገን መድኃኒቶች) ጋር በተያያዘ ከመጠን ያለፈ መውሰድ ሞቱ። እኛ ደግሞ በተቃራኒው ሄድን። የወገብ ሕመምተኛውን መቅሠፍት አንሥተን ለሞት ለቀረበችው እናት መከልከያ አደረግነው። በ2017 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ እንዳሰላው በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰሉ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። በአንጻሩ ኡጋንዳ ከ2004 ጀምሮ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ መፍቀዷ ልብ ሊባል ይገባል።

የሚያስቀውም የሚያሳዝነውም፣ ሞርፊን ሲባል የሚያማትበው ሰው ትራማዶልን «አሥር ፍሬ ስጠኝ» ብሎ ያለ ማዘዣ ሊጠይቅ መቻሉ ነው። ትራማዶልም ከዚያው ወገን ነው። ሱስ በዚህ አገር በር ቢያንኳኳ፣ ከሆስፒታሉ የተቆለፈ ሣጥን ይልቅ በዚህ በኩል መምጣቱ ይቀላል።

እምነትና መድኃኒት የሚጋጩ የሚመስሉበት ስፍራ ዕለታዊ ነው። ሽሮፑ በየአራት ሰዓቱ የሚወሰድ ነው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ታማሚ የንጋቱን 12፣ የ4ና የ8 ሰዓቱን ስትዘል ሦስት ጊዜ አለፋት ማለት ነው፤ ሕመሙ ይመለስባታል፣ ማታ ለማካካስ ደርባ ከወሰደች ደግሞ አተነፋፈሷ ሊከብድ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ጾምን የምታቀልበት ሥርዓት አላት፣ ሥልጣኑም በንስሐ አባት እጅ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ አርአያም አለ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ ሲናገሩ፣ እንጦጦ ላይ ክኒናቸውን ጥለው ጠበል ብቻ ይዘው የነበሩ ሰዎች ነበሩ። ጊሽ ዓባይ ጠበል የምትወርድ የጎጃም እናትም የሽሮፕ ጠርሙሷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መሄድ አያስኮንናት።

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው፤ ነቅታ ለመጸለይ፣ ነቅታ ለመቁረብ ስትል መድኃኒቱን እምቢ የምትል አለች። እሷን ማስገደድ አይገባም። ግን እንቅልፉ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የሚበረታና በኋላ የሚለቅ መሆኑን፣ መጠኑም ሊስተካከል እንደሚችል ሳይነገራት እምቢ ካለች፣ ምርጫው የእሷ ነው ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ ሞርፊን ሲታዘዝ ነርሷ ከአስታማሚዋ ጋር የንስሐ አባቱንም ጠርታ የሰዓቱንና የእንቅልፉን ነገር ብታስረዳ፣ ከአንድ ስኒ ቡና የበለጠ ጊዜ አይፈጅባትም። ሁዳዴ ሳይገባ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።