ሁሉም ያየው ነጭ መኪና



ከ2002 በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የገቡ ወላጆች ወይም ዘመዶች ካሏችሁ፣ ስለዚያ ዓመት ኦክቶበር ጠይቋቸው። ቤንዚን ሲቀዱ ጎንበስ ብለው ከመኪናቸው ጥግ ይከለሉ እንደነበር፣ ማደያዎች ሸራ ወጥረው እንደነበር፣ ተማሪዎች ከክፍል ውጭ እንዳይጫወቱ ተከልክለው እንደነበር ይነግሯችኋል። ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ በእርግጠኝነት «ገዳዮቹ በነጭ ቫን ነበር የሚሄዱት» ሊላችሁ ይችላል። ነጭ ቫን ግን አልነበረም።

ኦክቶበር 2 ማታ ዊተን አካባቢ አንድ ሰው ከየት እንደመጣ ባልታወቀ ጥይት ተገደለ። በማግስቱ ጠዋት እዚያው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አራት ሰዎች ተገደሉ፤ አንደኛው አስፐን ሂል ላይ ቤንዚን በመቅዳት ላይ የነበረ የታክሲ ሾፌር ነው። ከአራቱ አንዱ ግድያ የተፈጸመው ሲልቨር ስፕሪንግ ሌዠር ወርልድ አጠገብ ሲሆን፣ አንድ የዓይን ምስክር ነጭ የጭነት መኪና ከስፍራው ሲሄድ አየሁ አለ። አይቶም ይሆናል። በዚህ አገር መንገድ ላይ ከነጭ የሥራ መኪና የበለጠ ምን ይታያል? ቧንቧ ሠሪው፣ ቀለም ቀቢው፣ ዕቃ አድራሹ የሚነዳው እሱን ነው። ወሬው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሠራጨ። ከዚያ በኋላ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ሰዎች ዞር ብለው ሲያዩ ነጭ መኪና አለ። ሁልጊዜም ነበረ፤ አሁን ግን ትርጉም ተሰጠው። ፖሊስ አውራ ጎዳና እየዘጋ ነጭ ቫኖችን ያስቆም ጀመር።

በዚያው በኦክቶበር 3 ምሽት ዲሲ ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ ሌላ ሰው ተገደለ። እዚያ የነበሩ ምስክሮች መብራቱን አጥፍቶ የሄደ ሸቭሮሌ ካፕሪስ አይተናል አሉ። ይህ ቃል ግን የነጩን መኪና ያህል ሰሚ አላገኘም። ኦክቶበር 8 ባልቲሞር ውስጥ አንድ ፖሊስ ካፕሪስ ውስጥ የተኛ ሰው ቀስቅሶ አነጋገረና አሰናበተው። የመኪናው ታርጋም በእነዚያ ሳምንታት ከአንድ ጊዜ በላይ በፖሊስ ኮምፒውተር ተጣርቶ አልፏል። መኪናው ሰማያዊ ነበር፤ የሚፈለገው ግን ነጭ ነው። እስከዚያ ወር መጨረሻ በዋሽንግተን አካባቢ የሞቱት 10፣ የቆሰሉት 3 ደረሱ።

ከምስክሮቹ አንዱ ሆን ብሎ ዋሽቷል፤ ሰቨን ኮርነርስ ለተፈጸመው ግድያ ያላየውን ቫን አየሁ በማለቱ ተከሷል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም። ውሸታም ሁሌም አለ። የሚያሳስበኝ ያልዋሹት ናቸው፤ ቢያስምሏቸው በቅን ልቦና የሚምሉት።

በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩ። ከዚያ ለገሚሶቹ መኪኖቹ «ሲጋጩ» ፍጥነታቸው ስንት ነበር ብለው ጠየቁ፤ ለሌሎቹ ግን «ሲጨፈላለቁ» የሚል ከባድ ቃል ተጠቀሙ። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ተባሉ። ከባዱን ቃል ከሰሙት 50 ተማሪዎች 16ቱ አዎ አሉ፤ ቀለል ያለውን ከሰሙት 50 ደግሞ 7ቱ። በፊልሙ ውስጥ ምንም የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ማንም «መስታወት ተሰብሯል» ብሎ አልነገራቸውም፤ አንድ ግስ ብቻ ነው የተለወጠው።

በጎን በር የሚገባ ቃል እንዲህ ነው የሚሠራው። ምክር ፊት ለፊት ይመጣል፤ ምክንያቱን ይናገራል፤ አልቀበልም ብትሉት ይሰማችኋል። ይሄኛው ግን ሳያንኳኳ ይገባና ከውስጥ ሆኖ በራሳችሁ ድምፅ ይናገራል። ቁርኣን በመጨረሻው ሱራ፣ በሱረቱ አን-ናስ፣ ከሰው ልብ ውስጥ ከሚወሰውስ እንድንጠበቅ ያስተምረናል፤ ወስዋሹም ከጂን ብቻ ሳይሆን ከሰውም እንደሆነ ያክላል። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ብዙዎቻችን ሱራውን እየቀራን እንዘላታለን።

በአገር ቤት ይህ ነገር በሰው ላይ ምን እንደሠራ ወላጆቻችሁ ያውቃሉ። ዓይን እውነት መሆኑን ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። ነገር ግን እከሌ ቀጥቃጭ ስለሆነ፣ እከሊት ሸክላ ሠሪ ስለሆነች «ቡዳ» ናቸው ማለት ከሐዲስ የተገኘ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስሙ ግን አዋጁን አልፎ ቆየ፤ ቀጥቃጩ መንደር ሲገባ እናት ልጇን ትሸፍናለች፣ ልጁ ያን ቀን ሆዱን ካመመው ምክንያቱ ታውቋል። ካላመመው ማንም አይቆጥረውም። ነጩ መኪና ማለት ይህ ነው። ከኦክቶበር 24 በኋላ ደግሞ ከገዳዮቹ የአንደኛው ስም መሐመድ መሆኑ ሲነገር፣ የወላጆቻችሁ ስም ራሱ በአንዳንድ ሰው ዓይን ነጭ መኪና ሆኖ ሰነበተ።

ወደ ቤታችን ብንመጣስ? እንግዳ ፊት «ይሄ ልጅ ሰነፍ ነው፣ አይሆንለትም» የሚባለውን አስቡ። እናቶቻችን ክፋት አስበው አይሉትም፤ ብዙ ጊዜ የሚሉት ዓይን እንዳያይባችሁ፣ እንግዳውም «ኧረ ጎበዝ ነው» እንዲላቸው ነው። ጨዋታው በአማርኛ ነው የሚገባው፤ እዚህ ተወልዶ እንግሊዝኛ የሚቀለው ልጅ ግን ቃሉን እንደወረደ ይወስደዋል። «ዶክተር ነው የምትሆኚው» የሚለውም ያው ነው፤ በሌላ በር የገባ ነው።

በጎ ቃልም መንገዱ ያው ከሆነ፣ ለሕመምተኛ ትድናለህ ማለት ማታለል ነው ወይ? አይመስለኝም። ቴድ ካፕቸክና ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት ጥናት ከ80 የአንጀት ሕመምተኞች ለገሚሶቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጡ፤ መድኃኒት እንደሌለበትም በግልጽ ነገሯቸው። ክኒኑን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ተሻላቸው። ስለዚህ ቃል ለመሥራት የግድ ውሸት መሆን የለበትም። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) አንድ የታመመ የገጠር ዐረብ ሊጠይቁ ገቡ፤ ሕመሙ በአላህ ፈቃድ ማጥሪያ እንደሚሆንለት በመመኘት እንደ ልማዳቸው አጽናኑት። ሽማግሌው ግን፣ የለም፣ ይህ ወደ መቃብር የሚወስደኝ ትኩሳት ነው ብሎ መለሰ። እሳቸውም እንግዲያውስ እንደዚያው ይሁን አሉት። በጎው ቃል ቀረበለት፤ አልተጫነበትም።

ክፉው ቃል ሲሆንስ ማን ይጠየቃል? እዚህ ላይ ከ2002 ታሪክ ያላነሣሁት ነገር አለ። ኦክቶበር 23 ሌሊት የእውነተኛው መኪና ዓይነትና የኒው ጀርሲ ታርጋው በዜና ወጣ፤ በዚያው ሌሊት ማየርስቪል አጠገብ ባለ የመንገድ ማረፊያ ላይ ሰዎች አይተው ጠቆሙ፣ ተያዘ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያሳወረው ሬዲዮ ቃሉ እውነት ሲሆን በጥቂት ሰዓት ዓይን አበራ። መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዎች ተኝተው ነበር፤ ጆን አለን መሐመድ 41 ዓመቱ፣ ሊ ቦይድ ማልቮ 17 ዓመቱ።

ማልቮ ያን ሰው እንደ አባት ያየው ነበር። በ2003 ቨርጂኒያ ውስጥ ሲዳኝ ጠበቆቹ ልጁ በዚህ ሰው ቃል አእምሮው ተሠርቷልና በራሱ ፈቃድ አልነበረም ብለው ተከራከሩ። የዳኞቹ ጉባኤ ክርክሩን አልተቀበለም፤ ጥፋተኛ አለው። በሞት እንዲቀጣ ግን አልፈረደም፤ ዕድሜ ልክ ሰጠው። ትልቁ ሰው በ2009 ተገደለ።

ይህንን ፍርድ ሳስብ ሱረቱ ኢብራሂም ትዝ ይለኛል። በፍርዱ ቀን ሸይጣን ለተከተሉት፣ በእናንተ ላይ ሥልጣን አልነበረኝም፣ ጠራኋችሁ መለሳችሁልኝ እንጂ፣ ስለዚህ ራሳችሁን ውቀሱ እንደሚላቸው አላህ ይነግረናል። የሰማው በሰማው ይጠየቃል ማለት ነው፤ «ሰውዬው ነው ያለኝ» አያድንም፤ ቴሌግራም ላይ የመጣውን ሳያጣሩ ያስተላለፈም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ጠሪው ራሱ ነፃ አልወጣም። በሌላ በኩል ደግሞ ብዕር ስለተነሣለት ልጅ የምናውቀው ሐዲስ አለ። 17 ዓመት በሸሪዓ ልጅ አይደለም ብትሉኝ ልክ ናችሁ፤ ብዙ ዑለማዎች ቡሉግን ከዚያ በፊት ያደርጉታል። ግን ኃላፊ መሆን አንድ ነገር ነው፤ ከ41 ዓመት ሰው እኩል ኃላፊ መሆን ሌላ ነው። እኔ ልጁ ጥፋተኛ ነው፣ ኃላፊነቱ ግን እኩል አይደለም ባይ ነኝ። ከእናንተ መካከል የማይስማማ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ በተለይ አስፐን ሂል የሚያድር ከሆነ።

በ2006 ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ማልቮ ስድስት የዕድሜ ልክ ቅጣት ተፈረደበት። በ2022 የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቅጣቱ ዕድሜውን በሚገባ መመልከት ነበረበትና እንደገና ይታይ አለ። ሰባቱ ዳኞች አልተስማሙም፤ አራት ለሦስት ተከፈሉ።